በዕለቱ ማየት ይፈቀዳል

ልብስ ሰፊዋ አፏ በእስፒል ባይሞላ ኖሮ ያን ጠዋት የሰማችውን እዚያው በሰማችበት ትጠይቅ ነበር። ግን ደንበኛዋ በርጩማው ላይ ቆማለች፣ እሷ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ ዙሪያውን እየያዘች ነው፤ ስድስት እስፒል ከንፈሮቿ መሃል ተደርድሯል። ደንበኛዋ የማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ ሚስት ናት። ቀሚሱም የፊታችን ቅዳሜ ለሚመረቀው የወንዝ ዳር መናፈሻ ነው፤ አረንጓዴ፣ ከወገቡ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ። ሴትዮዋ ስልኳን በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ሰክታ ከእህቷ ጋር ታወራለች። መጀመሪያ ወሬው ስለ ጫማ ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ክፍሏ ግን ሦስት ሜትር በአራት ናት፤ እዚያ ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

«አይ፣ ውጤቱማ ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል» አለች። «ልጆቹን ወደ ወንዙ እንዳታስጠጊ። ሰላጣም ቢሆን ከዚያ ሰፈር የመጣ እንዳትገዢ፣ እኔ እንኳ ትቻለሁ። ኧረ ለሰው አይነገርም! መናፈሻው ሳይመረቅ ሰው በከንቱ ይደናገጣል አለኛ። እሱስ ምን ያድርግ፣ ኃላፊ ነው።» ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ ብላ፣ «ወገቡን ትንሽ ጠበብ ብታደርጊልኝስ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ በአፍንጫዋ «እም» አለች።

ሰው ልብስ ሲለካ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልብስ ሰፊ ጆሮ ያለው አይመስለውም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያች በርጩማ ላይ ሆነው የተደበቀ እርግዝና ያወሩ አሉ፣ ፍቺ የመከሩ አሉ፣ አማታቸውን የረገሙ ለቁጥር ያስቸግራሉ። አንዱንም ከዚያች ክፍል አውጥታ አታውቅም። ምላሷ ግን በሌላው ነገር አያርፍም፤ ሰፈሩ በሌለችበት «መቀስ» ይላታል፣ ባለችበት «እትዬ»። እና አሁን ሴትዮዋ «ከዚያ ሰፈር» ስትል የምትናገረው ቆማ ስላለችበት ሰፈር መሆኑን ያወቀችም አትመስልም። ወንዙ ከክፍሏ ጀርባ ነው። መስኮቱ ሲከፈት ይሸታል፣ ሲዘጋም ይሸታል። ከወንዙ ዳር ያለው አሥራ ሁለት መደብ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ደግሞ የወንድሟ ሚስት ነው፤ ጠዋትና ማታ በባልዲ እየቀዳች ታጠጣዋለች። ከሁለት ወር ወዲህ እጇ እየተሰነጠቀ አስቸግሯታል። ሳሙናው ነው ተባለ፣ ሳሙና ሦስት ጊዜ ቀየረች።

ደንበኛዋ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትራሱ ላይ ሰካች፤ ስድስተኛውን ስትሰካ ወንድሟ ትዝ አላት። ወንድሟ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ወደዚያ ሕንፃ የሚገባ ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ውጤቱ ከመጣ ሦስት ሳምንት ከሆነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው? አውቆስ ማታ ማታ የሚስቱን ሰላጣ ይበላል? ግድግዳ ለግድግዳ ስለሚኖሩ ወጥታ ልትጠይቀው ትችል ነበር። ችግሩ፣ እሷና ወንድሟ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ እየኖሩ አይነጋገሩም። ነገሩ የመጣው በሙሉ ልብስ ነው። «ምስጉን ሠራተኛ» ተብሎ በተሸለመ ዕለት የለበሰውን እሷ ነበረች የሰፋችለት፤ የምስክር ወረቀቱን ለመቀበል ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ እስከ መቀመጫው ድረስ ተተረተረ። እሱ ሆን ብላ ነው አለ። እሷ ከተለካ በኋላ የጨመረው ሥጋ ነው አለች። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ የሳቀችው እሷ መሆኗ ነው የከፋው።

ክፍሏን ቆልፋ ወጣች። በታክሲው መስኮት ወንዙን አየችው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሻይ ነው የሚመስለው፣ ከሰዓት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ተሳፋሪዎቹ መናፈሻው ስንት ወንበር እንዳለው ይከራከራሉ። አንዱ ሰማንያ ይላል፣ ሌላው ስልሳ ቢሞላ ነው ይላል፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ደግሞ ወንበሮቹ የተተከሉት ፊታቸውን ወደ መንገድ፣ ጀርባቸውን ወደ ወንዙ አድርገው መሆኑን ለብቻቸው ይናገራሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ቀለም የረሳው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እናቴ፣ የት ነው?» አላት። «የወንዙ ውሃ ተመርምሮ ከሆነ ውጤቱን ለማየት ነው» አለችው። ጥበቃው ትንሽ አሰበና ሁለተኛ ፎቅ አላት። ሁለተኛ ፎቅ «መረጃ» የሚል በር አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱን የያዘው ፕላስተር በእርጅና ቢጫ ሆኗል። ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳች። ውሃ ፍሳሽ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሏት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ፍሳሽ ሳይሆን ወንዝ ነው፣ ወንዝ ደግሞ መሬት ነው፣ ምድር ቤት፣ አሏት። ምድር ቤት አንዱ ወጣት ከኮምፒዩተሩ ሳይነሳ፣ «ማን ልኮሽ ነው?» አላት። «እግሬ» አለችው። ሲስቅ ልትጨምርለት ፈልጋ ነበር፣ ግን የምሳ ሰዓት ደረሰና ሁሉም ተነስቶ ወጣ፤ ኮሪደሩ ውስጥ እሷና አንድ የፕላስቲክ አበባ ብቻ ቀሩ።

አበባው የቆመው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ትልቅ ሰሌዳ ፊት ነው። ሰሌዳው «የተገልጋዮች መብት» ይላል፤ ከዚያ በታች ያለውን ቅጠሉ ሸፍኖታል። ልብስ ሰፊዋ ምሳዋን ይዛ አልመጣችም፣ የምትሠራው ነገርም የለ፣ አበባውን ከነማሰሮው ገፋ አደረገችና መነጽሯን አስተካክላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰሌዳው ከተሰቀለ ጀምሮ ይህን ያደረገ ሰው የነበረ አይመስልም፤ አቧራው በጣት የሚጻፍበት ነው። ተራ ቁጥር ሦስትን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ማንኛውም ሰው በመዝገብ ቤት ተመዝግቦ የገባን ሰነድ፣ ምስጢር የሚል ማኅተም ካልተመታበት በስተቀር፣ ቅጽ ሞልቶ በዕለቱ ማየት ይፈቀድለታል።» ተራ ቁጥር ሰባትን ስታነብ ደግሞ ብቻዋን ፈገግ አለች። «ማንበብ ለማይችል ተገልጋይ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ተገልጋዩ በሚሰማው ድምፅ፣ ሰነዱን በሙሉ ያነብለታል።» ቀስ ብላ መነጽሯን አወለቀች፤ በጨርቅ ጠቀለለችውና ቦርሳዋ ሥር፣ ከሁሉም ዕቃ በታች ቀበረችው።

ቅጹ በነፃ ነው። ነፃውን ቅጽ የሚሸጠው ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ በሁለት ዳቦ ዋጋ። ገዝታ ስትመለስ የምሳ ሰዓት አልቆ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ ነበር። ተራዋን ስትጠብቅ ከኋላዋም አሥራ አምስት ያህል ሰው ተሰለፈ፤ የግንባታ ፈቃድ የሚፈልግ፣ የልደት ካርዱ ላይ የአባቱ ስም የተሳሳተበት፣ ለምን እንደተሰለፈ የረሳ የሚመስል ሽማግሌ። መስኮቱ ውስጥ ወንድሟ ተቀምጧል፤ ማኅተሞቹ በመጠን ተደርድረዋል፣ እስክሪብቶዎቹ እንደ ወታደር። ተራዋ ደርሶ ቅጹን ስታስገባለት ቀና አለ፣ አያት፣ ዓይኑን መልሶ ወደ ወረቀቱ ጣለ። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

«ስም?» አላት።

ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ባይኖር ኖሮ ምን ልትለው እንደምትችል እግዜር ያውቃል። ስሟን ነገረችው። ጻፈ።

«የአባት ስም?»

«ከራስህ ላይ ገልብጥ» አለችው።

ጆሮው ቀላ። «ተገልጋይ ለሚጠየቁት ብቻ ይመልሱ። አድራሻ?»

«ካንተ በር አራት እርምጃ። ዝናብ ከሆነ አምስት፣ ጎርፉን ስለምዞር።»

ሽማግሌው ሳቀ። ወንድሟ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ ባታይም ረጅም አልነበረም። «የተፈለገው ሰነድ?»

«የወንዙ ውሃ የምርመራ ውጤት። ካለ።»

እዚህ ላይ ነበር ዓይኑን ዓይኑን ያየችው። የሚያውቅ ሰው ይደነግጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ትልቁን መዝገብ ጎትቶ፣ ጣቱን በዓምዱ ላይ እያንሸራተተ ወደ ታች ወረደና እንደ ማንኛውም ወረቀት አገኘው። «አለ» አለ። «ከገባ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ሰባት ገጽ።» መስኮቱ ጠባብ ቢሆንም መዝገቡ ላይ ያለው ጽሕፈት የእሱ መሆኑን አየች፤ ያ ክብ ክብ ፊደል፣ ትምህርት ቤት እያሉ እሷ እጁን ይዛ ያስለመደችው። ልቧ ምን እንደሆነ ራሷም አልገባትም፤ ተናደደችም፣ ቀለል አላትም።

«መረጃው የተፈለገበት ምክንያት?»

«ለማወቅ።»

«ለማወቅ የሚል ምርጫ የለም። ለጥናት፣ ለክስ፣ ለሥራ።»

«እንግዲያው ለጥናት በል።»

«ምን ሊያጠኑ ነው?»

«ሰው» አለች።

ማኅተሙን ሲመታው ከተለመደው በላይ ጮኸ። ከዚያ ተነስቶ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደ፤ ፋይሉን ይዞ ሲመለስ ግን ከኋላው ሌላ ሰው ተከትሎት ነበር፤ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኃላፊው። ምድር ቤት ያለው ወጣት ነግሮት መሆን አለበት። ልብስ ሰፊዋ ሰውየውን በፊቱ አታውቀውም፣ በሱሪው ግን ታውቀዋለች፤ ሚስቱ እያመጣች ሁለቴ አሳጥራለታለች፤ ቀኝ እግሩ ከግራው በአንድ ጣት ያህል ያጥራል። ጠጋ ብሎ ድምፁን አለስልሶ፣ «እናቴ፣ ውጤት እንዳለ ማን ነገረዎት?» አላት።

አረንጓዴው ቀሚስ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። «ማንም» አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። «ሰሌዳው መጠየቅ ይቻላል ይላል፣ ጠየቅኩ። ባይኖር እሄድ ነበር።»

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። ሂደቱን ሲጨርስ በሚመለከተው አካል ይገለጻል። ለጊዜው ምስጢር ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረ። «ምስጢር ነው፣ መልሰው።»

የመዝገብ ቤቱ ሰው ፋይሉን ገለበጠ፣ የፊቱን አየ፣ የኋላውን አየ። እህቱን የማስደሰት ሐሳብ በፍጹም የለውም፤ ያን ከአቀማመጡ ሁሉም ያየዋል። ነገር ግን በሃያ ዓመት ሥራው አንድ ጊዜ እንኳ መዝገብና ወረቀት ተለያይተው አያውቁም፣ ይህች ናት ክብሩ። «ምስጢር የሚል ማኅተም የለበትም ጌታዬ» አለ።

«አሁን ምታበት።»

«ማኅተሙ የሚመታው ሰነዱ ሲገባ ነው። የገባው ከሃያ ሁለት ቀን በፊት ነው። ቀን ወደ ኋላ አልመታም።»

«ዛሬ ብለህ ምታ!»

«ዛሬ ብዬ ብመታ፣ እሳቸው ያመለከቱት ከመመታቱ በፊት ነው። ማመልከቻቸው ተመዝግቧል፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ።» ይህን ሲል በኩራት ነው፣ ሌላ ምንም ሳይሆን ሰዓቱን በትክክል በመጻፉ።

ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው አሥራ አምስቱም ጆሮውን ጥሏል። በዚህ ሁሉ ፊት መጮህም ከባድ ነው፣ አለመጮህም ከባድ ነው። በመጨረሻ ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀና፣ «ይሁን፣ ይዩት። ማየት ብቻ። ቅጂ የለም፣ ፎቶ የለም፣ እዚሁ መስኮቱ ላይ» አለ። ሰባት ገጽ የኬሚካል ቁጥር ለአንዲት ተራ ሴት ምን ይነግራታል ብሎ መሆን አለበት፣ ፊቱ ትንሽ ዘና አለ።

ልብስ ሰፊዋ ፋይሉን ተቀበለች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ገለበጠችው። ከዚያ መልሳ በመስኮቱ አስገባችው። «መነጽር የለኝም» አለች። «በተራ ቁጥር ሰባት መሠረት ይነበብልኝ።»

«ሰሌዳውን አንብበሽ የለም እንዴ?» አለ ኃላፊው፣ አክብሮቱን ረስቶ።

«የሰሌዳው ፊደል ትልቅ ነው።»

ወንድሟ አያት። መነጽር እንዳላት ያውቃል፤ ገመዱ ላይ ስታሰጣ አፍንጫዋ ላይ እንደሆነ በየቀኑ ያየዋል። ግን ተራ ቁጥር ሰባት ተራ ቁጥር ሰባት ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ፣ ለራሱ የሚያነብ ያህል።

«አልሰማም» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት የስፌት መኪና አጠገብ ስቀመጥ ጆሮዬን በልቶታል። በሚሰማኝ ድምፅ ነው የሚለው።»

ድምፁን ከፍ አደረገ። አሁንም እጇን ከጆሮዋ ኋላ አደረገች። እንደገና ከፍ አደረገ። ሰውየው ሲናደድ ድምፁ የሚያምር ነው፤ ልጅ ሆኖ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ የሚያነብ እሱ ነበር፤ አሁን ያ ድምፅ ከመስኮቱ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው፣ ደረጃውን ወጣ። የናሙናው ቁጥር፣ የተወሰደበት ቀን፣ የተወሰደበት ቦታ፦ ከአሮጌው ድልድይ እስከ ታችኛው ድልድይ። «ክሮሚየም፣ ከተፈቀደው መጠን አሥራ አራት እጥፍ። እርሳስ፣ ከተፈቀደው መጠን ዘጠኝ እጥፍ።»

«እርሳስ ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ሽማግሌው።

«የመጻፊያው አይደለም አባቴ፣ ብረቱ ነው» አለው የግንባታ ፈቃድ የሚፈልገው። «መርዝ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ወንድሟ ቀጠለ። አነባበቡ አሁንም የመዝገብ ቤት አነባበብ ነው፤ ቃሉን ያወጣል እንጂ ቃሉ ወደ እሱ አይገባም። «ውሃው ለመጠጥ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልት ማጠጫ መዋል የለበትም። በተለይም ሰላጣና ቆስጣን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች መርዙን ስለሚያጠራቅሙ ለምግብነት መዋላቸው በአስቸኳይ ይቁም። ውሃውን ዘወትር በሚነኩ ሰዎች እጅ ላይ መሰንጠቅና...»

ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቱን ታያለች። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ መደርደሪያው ላይ ተኝቶ የነበረው ወረቀት አሁን ገና ሲደርሰው አየችው። እያንዳንዷ ቃል እግር አውጥታ ወደ ቤቱ ሄደች፤ ወደ መደቦቹ፣ ወደ ባልዲው፣ ማታ ማታ ቅባት ወደሚቀባው የሚስቱ እጅ። ያን እጅ ስንት ጊዜ ይዞ በብርሃን እያገላበጠ አይቶታል። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እትዬ» አላት።

ከእሱ አፍ ሦስት ዓመት ያልሰማችው ቃል ነው። «አንብበው» አለችው፣ በለሆሳስ። «ጨርሰው።»

«ይበቃል!» አለ ኃላፊው። እጁን ወደ ፋይሉ ሲዘረጋ የመዝገብ ቤቱ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው። ሰነዱን በሙሉ ይላል፣ ብሎ ያችን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ደገማት፤ አሁን ማንም ድምፅህን ከፍ አድርግ ሳይለው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማ ነበር። መሰንጠቅና ቁስለት። ነዋሪዎች በአስቸኳይ እንዲያውቁት ይደረግ። ከዚያ ገጹን ወደ ጎን አዘነበለና፣ «ከዚህ በታች፣ ከኅዳጉ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ» አለ። «"ከምረቃው በኋላ ይታያል።" ፊርማ።»

«እሱ የሰነዱ አካል አይደለም!»

«ጌታዬ» አለ የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ «ወረቀቱ ላይ ያለ ሁሉ ሰነድ ነው።»

ቀድሞ የተናገረው ለምን እንደተሰለፈ የረሳው ሽማግሌ ነው፤ በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «ለእኔም ያንን ቅጽ» አለ። ከኋላው ያለችው ሴት፣ እኔም የታችኛው ድልድይ ነኝ አለች። ሁለት ሰዎች ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሮጡ። ኃላፊው ስልኩ ባይጠራም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በረጅሙ እግር ፈጠን በአጭሩ ቀስ እያለ ደረጃውን ወጣ። የመዝገብ ቤቱ ሰው የመጣለትን ማመልከቻ ሁሉ ቁጥር ሰጠ፣ ሰዓት ጻፈ፣ ማኅተም መታ። አሥራ ሦስተኛውን ሲጨርስ ከመሳቢያው የዕረፍት ፈቃድ ቅጽ አወጣና ለራሱ ሞላ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበና፣ «ሰላጣ ለመንቀል» ብሎ ጻፈ። መዘገበው። ፋይሉን ከኋላው በተቀመጠችው ምክትሉ እጅ ላይ አስቀመጠና፣ «ይህን ለጠየቀ ሁሉ ታነቢለታለሽ፣ ከነኅዳጉ» አላት።

ወደ ቤት በእግር ነው የሄዱት። ታክሲ አልጠፋም፤ ጎን ለጎን መቀመጡ ከበዳቸው መሰለኝ። እሱ በአንዱ የመንገድ ዳር፣ እሷ በሌላው፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ገበያው ጋ ሲደርሱ እሷ ተሻግራ ወደ እሱ መጣች።

«ታውቅ ነበር?»

«መዝግቤዋለሁ» አለ። ጥቂት እርምጃ ሄዶ፣ «አላነበብኩትም» ጨመረ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ሲያሰላስል ቆየ። «በቀን ስልሳ ወረቀት ይገባል እትዬ። ማን እንደላከው አያለሁ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ። ሰባት ገጽ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ገጽ!»

በነገር ልትነክሰው ትችል ነበር፣ አፏ ተከፍቶም ነበር። ግን ሰውየው በመንገድ ላይ ዕንባውን በክርኑ ሲጠርግ አየችና ተወችው። «ከነገ ጀምሮ ታነባለህ» አለችው።

«ነገማ ማን ያስገባኛል?» አለ፣ እና ይህን ሲል ለምን እንደሆነ እንጃ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው።

የወንድሟ ሚስት መደቦቹ መሃል ቆማ ነበር፣ ባልዲዋ ሙሉ። ባሏ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ጫማው፣ ከእህቱ ጋር ሲመጣ አይታ ባልዲውን አስቀመጠች። እሱ ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሰላጣ ከነሥሩ ነቀለው። ሁለተኛውን። ሴትዮዋ «አበድክ እንዴ! ለገበያ የደረሰ ነው እኮ!» ብላ ክንዱን ስትይዘው፣ የእጇን መዳፍ ገልብጦ አሳያት። «ሳሙናው አይደለም» አላት። «ውሃው ነው። ዛሬ አነበብኩት።»

ሴትዮዋ እጇን አየች። ባሏን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ልብስ ሰፊዋ አነሳች፤ እሷም እውነት ነው ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀችላት። የወራት ልፋት ነው፤ ውሃው የመረዘው መደብ፣ የሚያበላቸውም ይኸው መደብ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አለቀሰች፤ ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈች። ሲበቃት ተነሳች፤ የመጀመሪያውን ካሮት ራሷ ነቀለች፣ እንዲህ ባለ ቁጣ እስከ ዛሬ የተነቀለ ካሮት የለም። «ሃያ ዓመት እዚያ ቤት ተቀምጠህ» አለችው ለባሏ፣ «ማንበብ የጀመርከው ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው» አለ።

ሦስቱ ሲረባረቡ አሥራ ሁለቱም መደብ ባዶ ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀም። አረንጓዴው ክምር ወገብ ድረስ ሆነ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወንድሟ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚሄድበት አየ። የእነሱ ግቢ የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ አጥር ለአጥር የተያያዘ ጓሮ ነው፣ እያንዳንዱ የየራሱ መደብ፣ የየራሱ ባልዲ። ምክትሉ ለጠየቀ ሁሉ ታነባለች። እነዚህ ግን የሚጠየቅ ነገር እንዳለም አያውቁም።

«ስንት ቤት ነው?» አላት።

«አሥራ አንድ» አለች። የሁሉንም ልኬት ታውቃለች።

ቀሚሷን አራግፋ ተከተለችው። የመጀመሪያው ቤት የጡረተኛዋ አዋላጅ ነው። ሲያንኳኩ ሴትዮዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች፣ በሩን ገርበብ አደረገችና ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አየቻቸው፤ እጃቸው በአፈር ጨቅይቷል፣ የእሱ ዓይን ቀልቷል፣ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላለች። ሦስት ዓመት በአንድ ገመድ ልብስ እያሰጡ ያልተነጋገሩ እህትና ወንድም በአንድ በር ላይ። አዋላጅዋ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞተ?»

ወንድሟ እህቱን አያት፣ እህቱ እሱን።

«እስካሁን ማንም» አለ። «ባልዲሽን አስቀምጪና ነይ ተቀመጪ። የምንነግርሽ ነገር አለ።»